መጀመሪያ ለሥዕሎቹ፦ በሐይቁ ዳር መብራትና ፕሮጀክሽን ስንዘረጋ የያዝኩት የሐዋሳ ማስታወሻ

ማክሰኞ

ገና ሳይነጋ፣ ሌሊት 11 ሰዓት ላይ ከአዲስ አበባ ወጣን። እኛ በሚኒባስ ከፊት፣ ዕቃው በአይሱዙ ከኋላ። ሁለት ባለ 7,000 ሉመን የሌዘር ፕሮጀክተር፣ 24 ኤልኢዲ ፓር (ቀለም የሚቀያይሩ መብራቶች)፣ ሥዕል ላይ የሚያርፉ ጠባብ ስፖቶች፣ የመብራት መቆጣጠሪያ ኮንሶል፣ የገመድ ሣጥን፣ ስታንድ፣ መሰላል። የፕሮጀክተሮቹን ሌንስ ግን ፈትተን ሚኒባሱ ውስጥ እግራችን ሥር አደረግነው። መንገጫገጭ ሌንስን ከቦታው ያነቃንቃል፤ ሌንስ ከተነቃነቀ ደግሞ የምስሉ አንዱ ጥግ ሲጠራ ሌላው ይደበዝዛል።

እስከ ባቱ ድረስ በፈጣኑ መንገድ ቀለል ብሎን ሄድን። ከዚያ ወዲያ ቡልቡላ፣ አርሲ ነገሌ፣ ሻሸመኔ፤ ከብቱ፣ ጋሪው፣ ባጃጁ። ሾፌራችን ጋሼ የፍጥነት መቀነሻ ባዩ ቁጥር ለአይሱዙው ሾፌር እየደወሉ፣ “ቀስ በል፣ ብርጭቆ ነው የጫንከው” ይሉት ነበር። ምሳ ሻሸመኔ በላን፤ ሐዋሳ ከሰዓት በኋላ ገባን።

ሥራው እንዲህ ነው። አንድ የቡና ድርጅት ለአገር ውስጥ ገበያ ያዘጋጀውን አዲስ የተቆላ ቡና ቅዳሜ ማታ ያስተዋውቃል። 150 ያህል እንግዳ ይጠበቃል። ቦታው የሆቴል አዳራሽ ሳይሆን ሐይቁ አጠገብ ያለ የሥዕል ማሳያ ቤት ነው። ድርጅቱ ይህን ቤት በመምረጡ ደስ ብሎኛል፤ ቡናና ሥዕል አንድ ቤት ውስጥ ሲገናኙ ያምርባቸዋል። ጭንቀቴም ከዚያው ነው የሚመነጨው። የሆቴል አዳራሽ ግድግዳ መብራት አይጎዳውም፤ የሥዕል ቤት ግድግዳ ግን የሰው ዕድሜና ድካም ተሰቅሎበታል።

ረቡዕ

ጠዋት የቤቱን ኃላፊ አገኘናቸው። እናቴ የሚሆኑ፣ ድምፃቸው ዝግ ያለ፣ ግን ያሉት የማይታጠፍ ሴት ናቸው። ቡና ሳንቀምስ ደንቡን ነገሩን፦ ግድግዳ ላይ ምስማር አይመታም፣ ፕላስተር አይለጠፍም፣ መጠጥ ይዞ ሥዕል አጠገብ አይቆምም፣ ውስጥ ጭስ የሚባል ነገር የለም። ሁሉንም ተቀበልኩ። እሳቸው ባይሉት እኔ እለው ነበር።

አዳራሹ 18 ሜትር በ9 ሜትር ነው፤ ጣሪያው ከፍ ያለ። በስተ ምዕራብ ያለው ግድግዳ ከሞላ ጎደል መስታወት ስለሆነ ሐይቁ ቤት የገባ ያህል ነው። በስተ ምሥራቅ፣ ከመስታወቱ ፊት ለፊት፣ በወረቀት ላይ የተሠሩ የውሃ ቀለም ሥዕሎች ተሰቅለዋል፤ አብዛኞቹ ሐይቁንና ዓሣ አስጋሪዎቹን ያሳያሉ። በስተ ደቡብ የዘይት ቀለም ሥዕሎች አሉ። የሰሜኑ ግድግዳ ባዶና ነጭ ነው። እሱን ሳይ ፕሮጀክተሮቹ ቤታቸውን አገኙ አልኩ።

ለማያውቀው አንባቢ፣ ሉክስ አንድ ሜትር ካሬ ላይ የሚያርፈው ብርሃን የሚለካበት ነው። ዓለም አቀፉ የመብራት ኮሚሽን በ2004 እ.ኤ.አ. ባወጣው የሙዚየም መመሪያ መሠረት ቀለሙ ቶሎ ለሚለቅ ሥራ፣ እንደ ውሃ ቀለምና እንደ ጨርቅ ላለው፣ ከ50 ሉክስ በላይ አይፈቀድም፤ በዓመት የሚያርፍበትም ሲደመር ከ150,000 ሉክስ ሰዓት መብለጥ የለበትም። የዘይት ቀለም ይሻላል፤ እስከ 200 ሉክስ ይችላል። ዋናው ነገር መደመሩ ነው። በ100 ሉክስ አንድ ሰዓት ማብራትና በ50 ሉክስ ሁለት ሰዓት ማብራት ለወረቀቱ ያው ናቸው። የወጣ ቀለም ደግሞ ተመልሶ አይገባም።

እስከ ቀኑ 9 ሰዓት ድረስ አዳራሹን ስንለካ፣ የሶኬቱን ቦታ ስናይ፣ የመሰላሉን ማቆሚያ ስንፈልግ ቆየን። ፀሐይዋ ወደ ሐይቁ ማዘንበል ስትጀምር ግን ሥራዬን ትቼ ቆምኩ። 10 ሰዓት ተኩል ላይ በመስታወቱ የገባው ብርሃን ወለሉን አቋርጦ የምሥራቁን ግድግዳ ወጣ። ቢጫ፣ የሚያምር፣ ፎቶ አንሺ የሚመኘው ዓይነት ብርሃን ነው። መለኪያዬን ከአንዱ የውሃ ቀለም ሥዕል ጎን፣ ልክ ፍሬሙ ጠርዝ ላይ ያዝኩት። ቁጥሩ ከ10,000 አለፈ።

ኃላፊዋ አጠገቤ ነበሩ። “ምን ማለት ነው?” አሉኝ። ሒሳቡን እዚያው ቆመን ሠራነው። ብርሃኑ ከሥዕል ወደ ሥዕል እየተሻገረ አንዱ ላይ ግማሽ ሰዓት ገደማ ይቆያል። ግማሽ ሰዓት በ10,000 ሉክስ ማለት 5,000 ሉክስ ሰዓት ነው። ሰማዩ የጠራ ከሆነ ሠላሳ ቀን የዓመቱን ድርሻ ይጨርሰዋል። ኅዳር ደግሞ ሰማዩ የሚጠራበት ወር ነው።

ዝም ብለው ሄደው አንዱን ሥዕል አወረዱ። ጠረጴዛ ላይ ገልብጠው ጀርባውን በጥንቃቄ ፈቱት። ፍሬሙ ሸፍኖት በኖረው ጠርዝ፣ ጣት በማትሞላ ስፋት፣ የሐይቁ ሰማያዊ እንደተቀባ ዕለት ነው፤ ጥልቅና እርጥብ። የተጋለጠው ክፍል ግን ወደ ግራጫ ሄዷል፤ ዳመናው ላይ የነበረው ሮዝ ጭራሽ የለም። ሁለቱ የሚገናኙበት መስመር በማስመሪያ የተሰመረ ያህል ቀጥ ያለ ነው። ሠዓሊው የቀባው ሰማይ ያ ቀጭን ጠርዝ ላይ ብቻ ነው የቀረው።

“ሐይቁ እንዲታይ ብዬ ነው መጋረጃ ያልሰቀልኩት፣ ልጄ። እንግዳ ሲገባ መጀመሪያ የሚያየው ሐይቁን ነው” አሉኝ።

ማታ ሆቴል ገብቼ ዕቅዱን ከመጀመሪያው አሰብኩት። ለድርጅቱ የምሠራው የአንድ ምሽት ብርሃን ነው፤ ይህ ፀሐይ ግን በየቀኑ የሚመጣ ነው። ስለዚህ በጀቱ ውስጥ ከፓርም ከፕሮጀክተርም በፊት ወፍራም መጋረጃ ይገባል። ለፕሮጀክሽኑም ያስፈልገናል። እነዚያን ሥዕሎች ካየሁ በኋላ ግን ባያስፈልገንም እንደማስገባው አውቃለሁ።

ሐሙስ

ጠዋት አሞራ ገደል ሄደን የተጠበሰ ቆሮሶ በዳጣ በላን። አባ ኮዳዎቹ በዓሣ አጽጂዎቹ መካከል እየተንጎራደዱ የተጣለላቸውን ይለቅማሉ፣ ጉሬዛዎቹ ከላይ ከዛፉ ያያሉ። አብረውኝ የሚሠሩት ልጆች እዚያው ቢውሉ ደስ ባላቸው፤ 3 ሰዓት ላይ ግን የድርጅቱ የማርኬቲንግ ኃላፊ እየጠበቀን ነበር።

ወጣት ነው፣ ሥራውን ይወዳል፣ የሚፈልገውን ያውቃል። የሚፈልገው ግን ብዙ ነው። ሎጎው በአራቱም ግድግዳ ላይ ይዙር፤ ዝግጅቱ 10 ሰዓት ተኩል ላይ ይጀመር፤ ጨረሩ በአየር ላይ እንዲታይ የጭስ ማሽን ይግባ፤ ቡናው መሐል አዳራሽ ይፈላ፤ የፍቼ ጫምባላላ የቄጣላ ጭፈራ በፈጣን ሙዚቃ ተቆርጦ ግድግዳ ላይ ይታይ።

አንድ በአንድ ተነጋገርን። በዚህ ሥራ ከመብራቱ በላይ የሚከብደው ይህ ንግግር ነው፤ የሥዕል ቤት ውስጥ የሚሠራ ሰው መድፈር ያለበትም እዚህ ላይ ይመስለኛል።

ሎጎውን ሥዕል ላይ አላሳርፍም አልኩት። አንደኛ ፕሮጀክተር ብርሃን ነው፤ ቀለም ይበላል። ሁለተኛ ደግሞ የሰው ሥራ ላይ የሌላውን ምልክት መደረብ ነው። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ለሠዓሊው የሞራል መብት ሰጥቶታል፤ ሥራው ክብሩን በሚነካ መንገድ ተለውጦ ሲቀርብ መቃወም ይችላል። “እርስዎስ የቡናው ማሸጊያ ላይ የሌላ ድርጅት ምልክት ቢያርፍበት ይወዳሉ?” ስለው ገባው።

ጭስ ማሽኑ ውስጥ የሚገባው ፈሳሽ ግላይኮል ወይም ግሊሰሪን ያለበት ነው፤ አየር ላይ የተንሳፈፈው ተመልሶ መውረዱ አይቀርም፤ የሚያርፈው ደግሞ ሥዕል ላይ ነው። ከሰልና እጣንም እንደዚሁ፤ ጭሳቸው ጥላሸትና ሙጫ ይዞ ይለጠፋል። ቡና ያለ እጣን ደግሞ ጎደሎ ነው። ታዲያ ለምን ቡናው ውጭ፣ ሐይቁን በሚያየው በረንዳ ላይ አይፈላም? ቄጤማው ይጎዝጎዝ፣ ጀበናው ይደርደር፣ እንግዳው ፀሐይ ስትገባ እያየ ይጠጣ። በኅዳር ሐዋሳ ላይ ፀሐይ ከ12 ሰዓት ትንሽ አለፍ ብላ ትጠልቃለች፤ እዚህ የምሽት ወጋገን አጭር ስለሆነ 12 ሰዓት ተኩል ላይ ጨለማ ነው። ያኔ በሩን እንከፍታለን። ይህን ስነግረው እስክሪብቶውን አነሳ። ሰዓቱም፣ ጭሱም፣ እጣኑም አንድ ላይ ተፈቱ።

ቄጣላው ላይ እኔ ሳልሆን ኃላፊዋ ተናገሩ። ፍቼ ጫምባላላ በኅዳር 2008 ዓ.ም. በዩኔስኮ የማይዳሰስ ቅርስ ሆኖ የተመዘገበ፣ የሲዳማ አባቶች ዘመን የሚያሻግሩበት በዓል ነው። “አባቶች በሥርዓት የሚያሰሙትን ዜማ ለማስታወቂያ ቆራርጣችሁ አታስሩጡት” አሉት፤ በቁጣ ሳይሆን እንደ እናት። ወጣቱም አንገቱን ዝቅ አድርጎ “እሺ፣ ይቅር” አለ።

ቀለም ለምን አናበዛም ብሎም ጠየቀኝ። አፍሪካ አዳራሽ ያለውን የአፈወርቅ ተክሌን 150 ሜትር ካሬ ባለ ቀለም መስታወት አስታወሰኝ፤ “እንደዚያ እንዲጮህ እኮ ነው የምፈልገው” አለኝ። እኔም የዚያ መስታወት ተማሪ ነኝ፤ ልጅ ሆኜ ፊቱ ቆሜ የዋልኩበትን ቀን አልረሳውም። ግን እዚያ ብርሃኑ ከኋላ መጥቶ በቀለሙ ውስጥ ያልፋል፤ መስታወቱም ፀሐይ እንዲያልፍበት ነው የተሠራው። ወረቀት ላይ ያለ ቀለም የሚታየው ከፊቱ በሚመጣ ብርሃን ነው፤ ያ የሚያሳየው ብርሃን ራሱ ያስረጀዋል። በዚህ ቤት ጩኸቱ ባዶው ግድግዳ ላይ ይሁን፣ ሌላው ቦታ እንረጋጋ ተባባልን።

ከሰዓት በኋላ ፊልማቸውን አየሁት። ካለፈው የቡና ወቅት በሲዳማዋ በንሳ የተቀረጸ ነው። የሴቶች እጅ አልጋ ላይ የተሰጣውን ቀይ እሸት ቡና ሲያገላብጥ፣ የተፈለፈለው ታጥቦ ሲሰጣ፣ ጠዋት ጉም ከኮረብታው ሲነሳ። ግሩም ነው። አጀማመሩና አጨራረሱ ላይ ግን ሎጎው በነጭ መደብ ይወጣል። ማታ መጋረጃ በሌለው መስታወት ላይ ጥቁር ፕላስቲክ ጋርደን፣ ሁለቱን ፕሮጀክተሮች ጠረጴዛ ላይ አቁመን ሞከርነው። ነጩ ምስል ሲወጣ ከግድግዳው የተመለሰው ብርሃን ቅርብ ያለው የውሃ ቀለም ሥዕል ላይ 92 ሉክስ አሳየ። ቡናው የሚገላበጥበት ትዕይንት ላይ 14 ብቻ። የምናሳየው ምስል ራሱ መብራት ነው፤ የነጭ መደብ ሎጎ ማለት ግድግዳ የሚያህል አምፖል ማብራት ነው። የፊልሙ አዘጋጅ ሌሊቱን ሙሉ ሠርቶ ሎጎውን ከጥቁር ቡናማ መደብ ላይ በወርቃማ መስመር አወጣው። ጠዋት ሲያሳየን የማርኬቲንግ ኃላፊው ራሱ “ይኼ ይበልጣል” አለ።

ዓርብ

የተከላ ቀን። መጋረጃው ከገበያ የተገዛ ወፍራም ጥቁር ጨርቅ ነው፤ ልብስ ሰፊው ሌሊት ሰፍቶ አምጥቶታል። የሐዋሳው የኤሌክትሪክ ባለሙያችን ግድግዳ ሳይበሳ ከጣሪያው ብረት ጋር በማቀፊያ አሠረው። ሲዘጋ አዳራሹ ውስጥ ከ2 ሉክስ በታች ሆነ።

ፕሮጀክተሮቹን ራሱን ችሎ በሚቆም ትራስ (የብረት መሸከሚያ) ላይ፣ እግሩ በአሸዋ ከረጢት ተይዞ፣ ከሰው ራስ በላይ ሰቀልናቸው። የሰሜኑ ግድግዳ ላይ የምንፈልገው 8 ሜትር ስፋት ነው። አንዱ ፕሮጀክተር 4.4 ሜትር ይሸፍናል፣ ሁለቱ መሐል ላይ 80 ሴንቲ ሜትር ይደራረባሉ። የሌንሱ ምጣኔ (ርቀቱ ለምስሉ ስፋት ሲካፈል) 1.2 ስለሆነ ከግድግዳው 5.3 ሜትር ያህል መራቅ ነበረብን። ሐዋሳ ከባሕር ጠለል በላይ 1,700 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ አየሩ ስስ ስለሆነ ማሽኑን በደንብ አያቀዘቅዝም። ስለዚህ ገና ሲበሩ የከፍታ ቦታ ማስተካከያውን አበራን። ማራገቢያው ጮክ ይላል፤ የንግግሩን ማይክ ወደ ሌላኛው ጥግ አዛወርነው። አዲስ አበባ ላይ ይህን ሳያበሩ ሠርተው በመሐል የጠፋባቸውን ሰዎች አውቃለሁ፤ ማሽኑ ሲግል ራሱን ያጠፋል።

ከሁሉ ጊዜ የወሰደው መደራረቢያው ነው። ብሩህ ምስል ላይ ሁለቱን ማዋሐድ ቀላል ነው፤ ከአንዱ እየቀነሱ ለሌላው መጨመር። ጨለማ ምስል ላይ ግን የፕሮጀክተር ጥቁር ጥቁር አይደለም፤ ሁልጊዜ ትንሽ ብርሃን ያፈስሳል። በተደራረቡበት 80 ሴንቲ ሜትር ላይ ያ ፍሳሽ እጥፍ ሆኖ እንደ ግራጫ ዓምድ ይቆማል። በየትኛውም ሌላ ፊልም ብዙም ባላስጨነቀን። የእኛ ፊልም ግን በጥቁር ቡናማ ነው የሚጀምረው። ረዳቴ ላፕቶፑ ላይ፣ እኔ ግድግዳው ሥር ሆነን፣ ዓምዱ እስኪጠፋ ድረስ የቀረውን ግድግዳ ጥቁር በጥቂት በጥቂቱ ከፍ አደረግነው። ጥቁሩ ከበፊቱ ትንሽ ፈካ፤ ነገር ግን አንድ ወጥ ሆነ። ዓይን ፍካትን ይለምዳል፤ መስመርን አይለምድም።

ሥዕሎቹ ላይ ያሉትን ስፖቶች ከላይ ወደ 30 ዲግሪ ገደማ አዘነበልናቸው። ከዚያ ቀጥ ካሉ ፍሬሙ ጥላ ይጥላል፣ ከዚያ ከተጋደሙ ደግሞ መስታወቱ ያንጸባርቃል። የውሃ ቀለሞቹን 45 ሉክስ፣ የዘይት ቀለሞቹን 150 ላይ አቆምን። ለሰው ፊትና ለቡናው ማሸጊያ ግን ፓሮቹን አልተጠቀምኩም። ቀይ፣ አረንጓዴና ሰማያዊ ቀላቅሎ የሚወጣ ነጭ የእኛን ፊት አመድ ያስመስለዋል፤ ቡናውንም ሕይወት ያሳጣዋል። ለዚያ ባለ 3,000 ኬልቪን፣ ማለትም ሞቅ ያለ ነጭ፣ ቀለምን በትክክል የማሳየት መጠናቸው ከ100 ከ90 በላይ የሆኑ መብራቶች ይዤ ነበር። ልዩነቱን የማርኬቲንግ ኃላፊው በገዛ እጁ ላይ አየው።

ምሳ በያይነቱ በላን፤ ዓርብ ነውና። ልክ ከምሳ በኋላ ሁሉም ነገር ጠፋ። ለነገው ምግብ የሚያዘጋጁት ሰዎች ትልቁን የኤሌክትሪክ ምድጃ ሶኬት ፈልገው ያገኙት የእኛ መስመር ላይ ነበር፤ ብሬከሩ ወረደ። መብራትና ፕሮጀክተር፣ ድምፅ፣ ኩሽና፣ እያንዳንዳቸው በየራሳቸው መስመር ተለያዩ፤ የእኛው ከጄነሬተሩ እንዲመጣ፣ ፕሮጀክተሮቹና ኮንሶሉ ደግሞ በባትሪ መጠባበቂያ እንዲያልፉ አደረግን።

ማታ በረንዳውን ሞከርን። ሐይቅ ዳር ነጭ መብራት ማብራት ትንኝ መጥራት ነው። ደቂቃ ሳይሞላ ጠረጴዛው ላይ ዘነበ። ፓሮቹን ወደ ብርቱካናማ አወረድናቸው፤ ትንኝ ሰማያዊ የበዛበትን ብርሃን ነው የሚከተለው። የኤሌክትሪክ ባለሙያው ደግሞ አንድ ነጭ መብራት ወስዶ አጥሩ ጥግ፣ ከሰው ርቆ አቆመ። “እነሱም የራሳቸው ግብዣ ይኑራቸው” አለ። ሠራ።

ቅዳሜ

እንግዳ 10 ሰዓት ተኩል ላይ መምጣት ጀመረ። ቄጤማው ተጎዝጉዟል፣ ቡናው ይቆላል፣ እጣኑ ወደ ሐይቁ ይነፍሳል። ፀሐይ ስትጠልቅ ሁሉም ስልኩን አወጣ፤ ለዚያ ከእኔ አንድም አምፖል አላስፈለገም።

12 ሰዓት ከ45 ላይ በሩ ተከፈተ። ከደማቅ ቦታ የመጣ ዓይን 50 ሉክስን ጨለማ ይለዋል፤ ስለዚህ መግቢያውን ትንሽ ብሩህ አድርገን ወደ ውስጥ እየደበዘዘ እንዲሄድ ሠርተነው ነበር። ፕሮጀክተሮቹ ሌንሳቸው ተዘግቶ ነበር። ሃያ ደቂቃ ያህል በአዳራሹ ውስጥ የበራው የሥዕሎቹ መብራት ብቻ ነው። ይህን ሃያ ደቂቃ ለማግኘት ብዙ ተከራክሬያለሁ። ሰው መጀመሪያ በሹክሹክታ፣ ከዚያም በድምፅ ስለ ሥዕሎቹ ማውራት ጀመረ። አንዲት ሴት አንዱ ሥዕል ላይ ያለውን ጀልባ ለልጇ እያሳየች “አያትህ እንዲህ ያለ ነበረው” ስትል ሰማሁ።

1 ሰዓት ከ5 ላይ የሰሜኑ ግድግዳ ተከፈተ። ከጥቁሩ ውስጥ ቀስ ብሎ ጉሙ፣ ከጉሙ ውስጥ የማድረቂያ አልጋው፣ ከአልጋው ላይ እጆቹ። 8 ሜትር ላይ እያንዳንዷ የቡና ፍሬ ጡጫ ታህላለች። አዳራሹ ዝም አለ። መለኪያዬን ይዤ የምሥራቁን ግድግዳ ዞርኩት፤ ስፖቱና ከፊልሙ የሚመለሰው ተደምረው ከ50 ብዙም አላለፉም።

ከበንሳ የተጋበዙ አንድ አባት፣ ቡና አምራች ናቸው፣ አጠገቤ ቆመው ነበር። የታጠበው ቡና በቀትር ተሰጥቶ በሚታይበት ቦታ ላይ ከንፈራቸውን መጠጥ አደረጉ። “በዚህ ሰዓት ተሸፍኖ ነው የሚቆይ” አሉኝ። “ፀሐይ ሲበረታ ካልሸፈንከው ቅርፊቱ ይሰነጠቃል፤ ጣዕሙም ይሄዳል።” ኃላፊዋ ከኋላችን ሰምተው ኖሮ እጃቸውን ይዘው ወደ ሥዕሎቹ ወሰዷቸው፤ ያንን የሰማያዊ ጠርዝ ያሳዩአቸው መሰለኝ፤ ረጅም ሰዓት ቆመው ሲያወሩ አየኋቸው።

በንግግሩ መሐል የከተማው መብራት ጠፋ። የኩሽናው መስመር ጨለመ፣ የእኛው ቀጠለ። ከጥቂት ሰው በቀር ያወቀ የለም። 4 ሰዓት ላይ እንግዳው ሲበተን የማርኬቲንግ ኃላፊው ሰዎች ስለ ምን እንደሚያወሩ ሊነግረኝ መጣ፤ ስለ እጆቹ ነበር የሚያወሩት። ሎጎው የታየው በአንድ ግድግዳ ብቻ፣ ለጥቂት ሰከንድ ነው፤ ግን ማሸጊያውን ሳይገዛ የወጣ እምብዛም አልነበረም።

እሁድ

ከቅዳሴ መልስ ማውረድ ጀመርን። ትራሱ፣ ገመዱ፣ ስፖቶቹ በየሣጥናቸው ገቡ። የምሽቱን ሒሳብ ለኃላፊዋ ወረቀት ላይ ጽፌ ሰጠኋቸው፦ ሥዕሎቹ በበራላቸው ሦስት ሰዓት ከሩብ ውስጥ፣ በ50 ሉክስ ገደማ ሲታሰብ፣ የውሃ ቀለሞቹ ላይ ያረፈው 163 ሉክስ ሰዓት ያህል ነው። መስታወቱ በግማሽ ሰዓት የሚያስገባው 5,000 ነው።

መጋረጃው የማን ይሁን የሚለው ቀርቶ ነበር። የከፈለው ድርጅቱ ነው። የማርኬቲንግ ኃላፊውን ጠየቅኩት፤ ደውሎ ከአለቆቹ ጋር ተነጋገረና “እዚሁ ይቅር” አለ። ኃላፊዋ ለሐይቁም ለሥዕሉም የሚሆን መላ አውጥተዋል። መስታወቱ ወደ ምዕራብ ስለሚያይ ጠዋት ቀጥታ ፀሐይ አይገባበትም፤ እስከ ቀኑ 7 ሰዓት መጋረጃው ይከፈታል፣ እንግዳ ሐይቁን ያያል። ከዚያ በኋላ ይዘጋል። የውሃ ቀለሞቹ ወደ ደቡቡ ግድግዳ ይዛወራሉ፣ የዘይት ቀለሞቹ ወደ ምሥራቁ ይመጣሉ።

ክፍት በሚሆንበትም ሰዓት ቢሆን አልትራቫዮሌቱ፣ ዓይን የማያየው ጨረር፣ ይገባል፤ ለሙዚየም ለረጅም ጊዜ ሲጠቀስ የኖረው ጣሪያ በአንድ ሉመን 75 ማይክሮዋት ነው፤ ሜዳ መስታወት ከዚያ በላይ ያሳልፋል። መስታወቱ ላይ የሚለጠፍ መከላከያ ፊልም አለ። ከመውጣታችን በፊት ከኤሌክትሪክ ባለሙያው ጋር ሆነን ለካነው፦ 12 ሜትር በ2.6፣ ወደ 31 ሜትር ካሬ። ዋጋውን አዲስ አበባ ስገባ አጣርቼ ለኃላፊዋ እደውላለሁ፤ መለጠፉን እሱ እሠራዋለሁ ብሏል።